ጋሽ ብሩሽ እና ሁለተኛው መድኃኒት

ከሥራችሁም ከቤታችሁም ተነሥታችሁ ከእኛ ጋር ለመቆም የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሙያ ባልደረቦች፤ ዛሬ የምንሸኛቸውን ሰው አብዛኞቻችሁ የምታውቋቸው በመዝገብ ስማቸው ሳይሆን «ጋሽ ብሩሽ» በሚለው መጠሪያቸው ስለሆነ፣ ቤተሰቡም በዚሁ ስም እንዲነበብላቸው ስለ ወደደ፣ የኖሩትን ኑሮ በአጭሩ እናሰማችኋለን።

ጋሽ ብሩሽ የተወለዱት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረው የሠራተኞች ሠፈር ነው። አባታቸው በጣቢያው መጋዘን ጭነት ተረካቢ፣ እናታቸው ደግሞ በአንድ ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። በልጅነታቸው እጅግ ዝምተኛ ከመሆናቸው የተነሣ እናታቸው «ይሄ ልጅ ቃላት እየቆጠበ ነው፤ ለሽምግልናው ይሆናል» እያሉ ይቀልዱባቸው እንደ ነበር ይነገራል። የእናታቸው ግምት ትክክል እንደ ነበር፣ በኋለኛው ዘመን ከእሳቸው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ወሬ ለመጀመር የሞከረ ሁሉ ይመሰክራል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሠፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው በመልካም ውጤት ሲማሩ ቆይተው፣ አባታቸው ከጭነት መኪና ላይ ወድቀው ወገባቸው በመጎዳቱ የቤቱ ኑሮ ስለ ተናጋ፣ ቀን በሰሌዳ ጽሑፍ ቤት ተቀጥረው እየሠሩ ትምህርታቸውን በማታው ክፍለ ጊዜ አጠናቀዋል። ያሠለጠኗቸው ባለሙያ ራሰ በራና ኮስታራ ሰው ነበሩና፣ ብሩሽ በጋዝ ከማጠብና ጠመኔ የተቀባ ክር ወጥሮ መስመር ከማስመር በቀር ለረጅም ጊዜ ፊደል እንዲነኩ አልፈቀዱላቸውም። ብሩሾቹን አጥበው ሲጨርሱ አንዱን ከጆሯቸው ጀርባ ሰክተው ወደ ቤት መሄድ ስለ ለመዱ የሠፈሩ ልጆች «ብሩሽ» ብለው ጠሯቸው፤ ጢማቸው ሲያቀመቅም «ጋሽ» ተጨመረበት፤ ከዚያ ወዲያ የወለዷቸው እናታቸው እንኳ በሌላ ስም ጠርተዋቸው አያውቁም።

ብቻቸውን የጻፉት የመጀመሪያ ሰሌዳ የአንድ ዳቦ መጋገሪያ ነበር። ከጥንቃቄያቸው ብዛት እጃቸው ተሳስሮ የ«ቤ»ን ቀለበት ዘነጉና «ዳቦ ቢት» ብለው ጻፉት። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ሲስቅ አይተው መሰላላቸውን ተሸክመው ሊያርሙት ቢመለሱ፣ ባለ ቤቱ «ተው፣ እንዳትነካው! ሊስቅ የመጣው ሁሉ ዳቦ ገዝቶ ነው የሚሄደው» ብሎ መሰላሉን ያዘባቸው። ጋሽ ብሩሽ ግን በፊደል ቀልድ የማያውቁ ሰው ነበሩና በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ሄደው አርመውታል። ባለ ቤቱም ለጥቂት ጊዜ ካኮረፈ በኋላ፣ ወንድሙ ሥጋ ቤት ሲከፍት ሰሌዳውን እንዲጽፉ የላከው ጋሽ ብሩሽን ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ እጃቸው በከተማው ታወቀ። የሱቆችን ግንባር፣ የአውቶቡሶችን ቁጥር፣ የትምህርት ቤቶችን በር፣ የአምቡላንሶችን ጎን ሲጽፉ ኖረዋል። ፊደልን የሚያሳምረው ቀለሙ ሳይሆን በፊደልና በፊደል መሃል የሚተወው ባዶ ቦታ ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር፣ ከእሳቸው ጋር መንገድ መሄድ ከባድ ነበር፤ በየሰሌዳው ሥር ቆመው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሲመለከቱ ሰው ቀጠሮው ያልፍበት ነበር። በኋላም በማሽን የሚታተመው የፕላስቲክ ሰሌዳ መጥቶ የብዙ ባልደረቦቻቸውን ሥራ ሲያዘጋ፣ እሳቸው በሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ የፊደል አጻጻፍ እያስተማሩና የእጅ ሥራ ለሚመርጡ ደንበኞች እየጻፉ እስከ ጡረታቸው፣ ከጡረታቸውም በኋላ ሠርተዋል።

ከወይዘሮ ባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት በስልክ ቤት ነው። እሳቸው በተርታ በተሠሩት የስልክ ክፍሎች በሮች ላይ ቁጥር እንዲጽፉ ተቀጥረው ሲሄዱ፣ ባለቤታቸው በዚያ ኦፕሬተር ነበሩ፤ የሩቁን ከሩቅ የሚያገናኙ፣ ከሰላምታው ብቻ የደዋዩን ደስታና ኀዘን የሚለዩ ሴት ነበሩ። ሥራው ባጭር ጊዜ የሚያልቅ ሆኖ ሳለ፣ ቁጥሮቹ እየተፋቁ እንደገና ሲጻፉ አለቃው ግራ ተጋብተው «ሰባት ቁጥር ምን ሆነብህ?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ ከጠረጴዛው ማዶ የመለሱት ኦፕሬተሯ ነበሩ፤ «እሱ የሚጠብቀው ሰባት ቁጥርን ሳይሆን የእኔን የሻይ ሰዓት ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ በሩ አልተፋቀም። በጋብቻ ተሳስረውም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው በፍቅርም በክርክርም አሳድገዋል፤ ሴቷ የኬሚስትሪ መምህርት፣ ወንዱ የከባድ መኪና መካኒክ ሆነዋል።

ሰባኛ ዓመታቸውን በተጠጉበት ወቅት፣ ጋሽ ብሩሽ ከመሰላል ላይ ሲወርዱ መካከል ላይ ቆመው ማረፍ ጀመሩ። መጀመሪያ እርጅና ነው አሉ። ከዚያም የመሰላሉ ደረጃ የነካው ቅልጥማቸው ላይ ብሩህ ሐምራዊ ሰንበሮች ታዩ፤ ጥርሳቸውን ሲፋቁ ድዳቸው ይደማ ጀመር፤ ትኩሳት እየመጣ ይሄድ ጀመር። ልጃቸው መካኒኩ አንድ ቅዳሜ ሊጠይቃቸው መጥቶ ፊታቸው እንደ ወረቀት ነጥቶ ሲያይ፣ ጫማቸውን አምጥቶ ከእግራቸው ሥር አስቀመጠ። «የት ልትወስደኝ ነው?» ቢሉት «ሞተሩ ሲያጨስ የት ነው የሚወሰደው?» ብሎ መለሰላቸው። ደማቸው ተቀድቶ ከተመረመረ በኋላ ወደ ቤት እንዳይመለሱ ተነገራቸው።

ሕመሙ አጣዳፊ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ሆኖ ተገኘ። የደም ሐኪሟ ሦስት ወንበር ብቻ በያዘች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቤተሰቡን ሰብስበው፣ ልጆቹ አንዱ በመስኮቱ አንዷ በበሩ ተደግፈው፣ ነገሩን ሳይሸፋፍኑ አስረዱ። ደም የሚሠራበት መቅኔ ባልበሰሉ ነጭ የደም ሴሎች ተሞልቶ ጤናማው ደም መፈጠሪያ ቦታ አጥቷል፤ ሳይታከም ከተተወ የሚሰጠው ጊዜ በጣም አጭር ነው። «ለወጣት የምንሰጠውን ያህል ኬሞቴራፒ ብሰጥዎ ከበሽታው በፊት መድኃኒቱ ይጎዳዎታል» አሏቸው፤ «መጠኑን ቀንሼ እሱን ብቻ ብሰጥዎ ደግሞ በሽታው ጥቂት ጊዜ ተደብቆ የሚመለስበት ዕድል ሰፊ ነው።»

ቀጥለውም ሁለተኛ መድኃኒት እንዳለ ተናገሩ። ይህም በሕክምናው አጠራር ኢሚውኖቴራፒ የሚባል፣ የሰውነትን የራሱን የመከላከያ ኃይል በካንሰሩ ላይ የሚያነሣሣ ሲሆን፣ በአንድ በኩል የታመመውን ሴል፣ በሌላ በኩል የሰውነትን ተከላካይ ሴል ይዞ ፊት ለፊት የሚያገናኛቸው ነው። በተቀነሰው ኬሞቴራፒ ላይ ሲታከል በዕድሜ ለገፉ ሰዎች የተሻለ ተስፋ እንደሚሰጥ፣ በዚያ ሆስፒታል ግን ገና ለጥቂት ሰዎች ብቻ የተሰጠ መሆኑን ገለጹ። ችግሩንም አልደበቁም፤ ብርቱ ትኩሳት ሊያመጣ፣ የደም ግፊት ሊጥል፣ ከዚያም አልፎ አእምሮን ለጊዜው ሊያውክ፣ ምላስ ሊያስር፣ እጅ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል።

ጋሽ ብሩሽ እስከዚህ ድረስ ሲያዳምጡ ቆይተው «እጄስ ይመለሳል?» ብለው ጠየቁ።

«አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል።»

«አብዛኛውን ጊዜ ሁልጊዜ ማለት አይደለም።»

«አይደለም» አሉ ሐኪሟ።

«ደህና። ከእንግዲህም እንደዚህ ይንገሩኝ» አሉ ጋሽ ብሩሽ፤ ከዚያ በኋላ በሕክምናቸው ዘመን ሁሉ በእኒህ ሐኪም ላይ የነበራቸው እምነት ከዚህ ንግግር የተነሣ ነው።

ቤተሰቡ ግን ከዚያች ጠባብ ክፍል የወጣው በሁለት ተከፍሎ ነበር። በኮሪደሩ ከመድኃኒት መስጫው መስኮት አጠገብ ቆመው፣ እናትና ልጅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያልተነጋገሩትን ንግግር ተነጋገሩ። ወይዘሮ ባለቤታቸው «እስከ ዛሬ እኔ ሳላውቅ ጥርስ እንኳ ያላስነቀለን ሰው፣ አእምሮው ይሂድና ዕድሜው ይቆይ ትሉኛላችሁ?» አሉ። መምህርቷ «እማዬ፣ ኬሞቴራፒው ብቻውን አይበቃውም እኮ። ሐኪሟ ያለችውን ሰምተሻል» ብትላቸው፣ «ሰምቻለሁ። ይዘባርቃል፣ ይንቀጠቀጣል ያለችውንም ሰምቻለሁ። አንቺ እሱ ላይ ሲደረስ ጆሮሽ የት ሄደ?» ብለው ፊታቸውን አዞሩባት። መካኒኩ በመሃላቸው ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲያገላብጥ ቆይቶ «ሰውየው እዚያ ውስጥ ነው ያለው፤ ለምን አንጠይቀውም?» አለ።

ተጠየቁ። ጋሽ ብሩሽም ብዙ አላመነቱም። «በፊደሌ ነው እንጀራ የበላሁት፤ እጄን እፈራለታለሁ፤ አልዋሽም። ግን እጄ ደህና ሆኖ እኔ ሳልኖር ምን ይጽፋል?» ብለው ሁለቱንም ሕክምና ለመውሰድ መፈለጋቸውን ተናገሩ። ባለቤታቸው አልተቃወሙም፤ ዝም አሉ እንጂ። ያቺ የሩቁን ከሩቅ ስታገናኝ የኖረች ምላስ ከባሏ ጋር መገናኘት አቅቷት፣ ወደ ሆስፒታሉ የሚወሰደውን ልብስና ቴርሞስ በየቀኑ እያዘጋጁ ይዘው ይመጡ ነበር እንጂ ከጤና ይስጥልኝ ያለፈ ቃል ከአፋቸው አይወጣም ነበር። ጋሽ ብሩሽን ከበሽታው ይልቅ ያ ዝምታ ይከብዳቸው እንደ ነበር በኋላ ተናግረዋል።

ኬሞቴራፒው ቀደመ። ፀጉራቸውና ጢማቸው ረገፈ፤ አፋቸው ውስጥ ቁስል ወጥቶ ውሃ እንኳ እንደ ጨው ያቃጥላቸው ነበር፤ መከላከያ አቅማቸው ወርዶ ጠያቂ ሁሉ ከመስተዋት በስተጀርባ እጁን እያነሣ ይሰናበታቸው ነበር። ጭንቅላታቸውን በመስተዋት አይተው «እንዴ፣ አሠልጣኜ! መቼ መጡ?» ብለው የቀለዱት በዚያ ሰሞን ነው። መቅኔያቸው ዳግመኛ ሲመረመር በሽታው እጅግ ቀንሷል፤ ግን ርዝራዡ አልጠፋም። ሐኪሟ እንደ ተናገሩት፣ የቀረው ጥቂት ነገር ሳይነካ ከተተወ ተመልሶ መምጣቱ የጊዜ ጉዳይ ነበር።

ያን ጊዜ ሁለተኛው መድኃኒት ተጀመረ። በክንዳቸው በገባ ቀጭን ቱቦ፣ በትከሻ በሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ካለች ፓምፕ፣ ቀንም ሌትም ሳያቋርጥ ጠብ እያለ ለሳምንታት የሚገባ ነበር። በተጀመረበት ቀን አመሻሹ ላይ አልጋውን እስኪያንቀሳቅስ ድረስ ብርድ ብርድ አላቸው፤ ትኩሳታቸው ወጣ፤ የደም ግፊታቸው ወረደ። ቤተሰቡ ሁሉ ከበሩ ውጭ ተኮለኮለ። ነርሶቹ ግን ይህን እየጠበቁ ስለ ነበር የሚያበርደውን መድኃኒት ሰጥተው፣ ፈሳሽ ጨምረው፣ ሳይነጋ አረጋጓቸው። ሐኪሟም ለልጆቹ «ይህ የመከላከያ ኃይሉ መነሣቱን የሚያሳይ ነው፤ የምፈራው ሌላውን ነው» አሏቸው። ሌላው የተባለው የአእምሮው ነገር ነበር።

ይህን ለመከታተል የክፍሉ ነርስ በየጠዋቱ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ እየሰጠች አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ትጠይቃቸው ነበር፤ መድኃኒቱ አእምሮን መንካት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታወቀው በእጅ ጽሑፍ ላይ ነውና። ሌላው ታማሚ «ዛሬ ደህና ነኝ» ብሎ ሞነጫጭሮ የሚመልሰውን ወረቀት፣ ጋሽ ብሩሽ ማስመሪያ አስመጥተው፣ ሥሩን አስምረው፣ በሰሌዳ ፊደል ይጽፉበት ጀመር። አንድ ቀን «እዚህ ፀጉር እንጂ ወሬ አይቆረጥም»፤ ሌላ ቀን «ጫማዎ ካላበራ ክፍያ የለም»፤ ሌላ ቀን ደግሞ «የነርሷ መርፌ አያምም፤ የሚያመው እጇን መጠበቁ ነው» ብለው ጻፉ። ነርሷ ወረቀቶቹን በመድኃኒት ጋሪው ጎን ለጠፈቻቸው፤ ከሌላ ክፍል ሳይቀር እየመጡ የሚያነቡ ነበሩ።

አንድ ጠዋት ወይዘሮ ባለቤታቸው እንደ ልማዳቸው ቴርሞሱን ይዘው ገብተው ጤና ይስጥልኝ ሲሏቸው፣ ጋሽ ብሩሽ ወደ መስኮቱ እያመለከቱ «ማንኪያውን ዝጊው፤ ነፋስ ገባ» አሏቸው። ቀልድ መስሏቸው ሊስቁ ሲሉ በድምፁ ውስጥ የሆነ ነገር ሰሙ። የቃሉ መሳሳት አልነበረም ያስደነገጣቸው፤ የድምፁ ጫፍ እንደ ረጠበ ወረቀት መላላቱ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን በሽቦ ውስጥ የሰው ድምፅ ሲያዳምጡ የኖሩ ሴት፣ ቴርሞሱን ወለሉ ላይ አኑረው እየሮጡ ወደ ነርሷ ጠረጴዛ ሄዱና «ነይልኝ! ድምፁ የሱ አይደለም!» ብለው ጮኹ።

ነርሷ መጥታ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። ጋሽ ብሩሽ እስክሪብቶውን ያዙ። የመጀመሪያው ፊደል «መ» ነበረ፤ ሁለተኛውም «መ»፤ ሦስተኛውም «መ»፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ ወደ ታች እየተንሸራተተ፣ የፊደሎቹ እግር እየተቆረጠ፣ ከወረቀቱ ጠርዝ ወጥቶ አንሶላው ላይ ቀለም ሳበ። ጋሽ ብሩሽ የጻፉትን አዩት። ነገሩ እንደ ገባቸው ከዓይናቸው ታወቀ፤ ለመናገር ሞክረው ቃል አልመጣላቸውም። ወዲያው ፓምፗ ቆመች፤ ለሐኪሟ ስልክ ተደወለ፤ የአንጎልን መቆጣት የሚያበርድ መርፌ ተሰጣቸው፤ ጭንቅላታቸው በምርመራ መሣሪያ እንዲታይ በተሽከርካሪ አልጋ ተወሰዱ። በዚያ ቀን ከቀትር በፊት የገዛ ልጆቻቸውን ስም መጥራት አልቻሉም ነበር።

መምህርቷ ልጃቸው በኮሪደሩ ጫፍ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ለመድኃኒቱ የተሟገተችው እሷ ነበረችና፣ እናቷ ወደ እሷ ሲመጡ ስታይ የሚሏትን ሁሉ ለመስማት ራሷን አዘጋጀች። ወይዘሮዋ ግን ከፊቷ ቆመው ቁልቁል ሲያዩዋት ቆዩና ቧንቧውን ከፈቱላት። «ተነሽ፣ ፊትሽን ታጠቢ» አሏት፤ «አባትሽ ሲነቃ እንዲህ ሆነሽ ቢያገኝሽ ይደነግጣል።» እሷ ስትታጠብ ቆመው ነጠላቸውን ፎጣ አድርገው ያዙላት። እናትና ልጅን የለያየው ነገር በዚያ መታጠቢያ አጠገብ እንዳበቃ ሁለቱም ይናገራሉ።

በምርመራው ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም መፍሰስም ሌላ ጉዳትም አልታየም። በማግስቱ ጋሽ ብሩሽ ነቅተው ጣሪያውን ሲመለከቱ ከቆዩ በኋላ፣ ባለቤታቸውን ወደ ራሳቸው ጠርተው «መስኮት» አሉ። ቀጥለውም «መስኮት ነው የሚባለው። ማንኪያ አይደለም» አሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ እንባና ሳቅ ባንድ ላይ አመለጠው። ጽሑፋቸውም በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀጥ አለ፤ ቀኝ እጃቸው ላይ ግን በጣም አስተውሎ ላየው ብቻ የሚታይ ቀጭን መንቀጥቀጥ ቀረ።

አሁን ከበፊቱ የከበደ ምርጫ መጣ። ሐኪሟ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት መንገድ እንዳለ አስረዱ፤ አንደኛው መድኃኒቱን ትተው በኬሞቴራፒው ብቻ መቀጠል፣ ሁለተኛው ደግሞ ጉዳቱን የሚከላከለውን መድኃኒት አስቀድመው ሰጥተው፣ በአነስተኛ መጠን እንደገና መጀመር። እንደገና ቢጀመር ያው ነገር ሊደገም እንደሚችል፣ ባይጀመር ግን የቀረው ርዝራዥ እንደሚያሰጋቸው ነገሯቸው። ጋሽ ብሩሽ ወደ ባለቤታቸው ዞረው «በፊት አልጠየቅኩሽም፤ አሁን ልጠይቅሽ። ምን ትያለሽ?» አሏቸው።

ወይዘሮ ባለቤታቸው የአንሶላውን ጠርዝ አስተካከሉ። «ያን ዕለት ስትጠፋ አየሁህ» አሉ በመጨረሻ፤ «ስትመለስም አየሁህ። ከዚህኛው መመለስ እንዳለ አይቻለሁ። በሽታው ከወሰደህ ግን ከየት ብዬ ነው የማመጣህ?» ከዚያም ወደ ሐኪሟ ዞረው «ጀምሩለት» አሉ። እጃቸው ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ጋሽ ብሩሽም ያን አይተው «እንዴ፣ መድኃኒቱን የምትወስጂው አንቺ ነሽ እንዴ?» ብለው ያዙላቸው። በመካከላቸው የነበረው ዝምታ የተሰበረው በዚህ ነው።

መድኃኒቱ ተጀመረ። ባለቤታቸው በየጠዋቱ ከነርሷ ቀድመው እየመጡ፣ ጋሽ ብሩሽን ከመንገዱ ስሞች እስከ ጎረቤት ልጆች ስም እያስጠሩ ድምፃቸውን ይመረምሩ ነበር፤ ጋሽ ብሩሽም «ይህቺ ሴት ሳትሰለጥን ሐኪም ሆነች፤ ፈቃድ ይሰጣት» እያሉ ያማርሩ ነበር። በዚህ መልክ የሚያስፈራው ወቅት ሁሉ አለፈ። መቅኔያቸው እንደገና ሲመረመር የበሽታው ምልክት አልተገኘበትም። ሐኪሟ ውጤቱን ራሳቸው ይዘው መጥተው ካነበቡላቸው በኋላ «በሽታው ጠፍቷል አልልዎትም፤ ልናየው አልቻልንም ነው የምልዎ» አሏቸው፤ ጋሽ ብሩሽም «ይበቃኛል» አሉ። ሁለቱን መድኃኒቶች እያፈራረቁ የቀረውን ሕክምና ጨርሰው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ለመድፈን ጥቂት ወራት እስኪቀራቸው ድረስ ኖረዋል። የቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሙሉ በሙሉ ስላልተዋቸው፣ ወጣት ሳሉ ይንቁት የነበረውን ክንድ ማሳረፊያ ዘንግ መጠቀም ተማሩ፤ ፊደላቸው ከቀድሞው ትንሽ ወፈር ብሎ፣ እሳቸው «ጡረተኛ ፊደል» ብለው የሚጠሩት አዲስ መልክ ያዘ። በእርሱም የሙያ ማሠልጠኛውን በርና የልጃቸውን ጋራዥ ጽፈዋል። የልጅ ልጃቸው ስትወለድም በክንዳቸው ለማቀፍ በቅተዋል፤ ስትስቅ ምድር የሚጠብባት ትንሽ ልጅ ናት፤ አሁንም ከኋላ ተቀምጣ ታጉረመርማለች።

በእነዚህ ዓመታት ወደ ሆስፒታሉ የሚሄዱት ለራሳቸው ቀጠሮ ብቻ አልነበረም። ሐኪሟ አንዳንድ ጊዜ በዕድሜ የገፉና ለመወሰን የተቸገሩ ታማሚዎችን ከእሳቸው ጋር ያገናኙ ነበር። አንድ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና አሽከርካሪ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ ጋሽ ብሩሽ ውሰዱት አላሏቸውም። መጀመሪያ የነገሯቸው የዚያን ጠዋት ነገር ነበር፤ «መ» እያሉ ከወረቀቱ መውጣታቸውን፣ የልጆቻቸውን ስም ማጣታቸውን። «ይሄን ሰምተህ ካልፈራህ አልሰማኸኝም ማለት ነው» አሏቸው፤ «ፈርተህ ደግሞ ከወሰድከው፣ ሚስትህ በየጠዋቱ ታናግርህ።» አሽከርካሪው ፈርተው ወሰዱ፤ ዛሬም ከመካከላችን ተቀምጠዋል። አስበውበት የማይወስዱ ሰዎችም ነበሩ፤ ጋሽ ብሩሽ እነሱንም እስከ መጨረሻቸው ከመጠየቅ አልቦዘኑም።

ሕክምናው ያለ ዋጋ አልነበረም። ሰውነታቸው ተላላፊ በሽታን የሚከላከልበት አቅም ዳግመኛ እንደ ቀድሞው ስላልሆነ፣ ጉንፋን በሠፈሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነበር። በዚህ ዓመት በዝናቡ ወራት የጀመራቸው ሳል ወደ ሳንባ ምች ተለውጦ ሆስፒታል ገቡ፤ ብርቱ ጥረት ቢደረግላቸውም ሳንባቸው ሊያገግም አልቻለም። ደማቸው በዚያን ጊዜም ተመርምሮ የሉኪሚያ ምልክት አልተገኘበትም። ወይዘሮ ባለቤታቸው ሐኪሟን በኮሪደሩ አስቁመው «ያ መድኃኒት ነው እንዲህ ያደከመው?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሟም እንደ ልማዳቸው ሳይሸፋፍኑ «አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል» አሉ። ወይዘሮዋ ራሳቸውን ነቅንቀው «ጀምሩለት ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ፤ «ዛሬም ብትጠይቂኝ ያንኑ እልሻለሁ» ብለው ሐኪሟን አቅፈው አለቀሱ።

ጋሽ ብሩሽ ትንፋሻቸው እያጠረ በሄደበት ሰሞን፣ ልጆቻቸውን ሰብስበው አንድ አደራ ሰጥተዋል። በሰው ቀብር ላይ ሁሉ የሚነበበውን «ለረጅም ጊዜ በሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው» የሚለውን ቃል በእሳቸው ላይ እንዳይነበብ ነበር አደራቸው። «አልተሠቃየሁም አልልም» አሉ በተቆራረጠ ድምፅ፤ «ግን ስሠቃይ ብቻ አልነበረም የቆየሁት። እናትና ልጅ ሲታረቁ አይቻለሁ፤ ልጅ አቅፌአለሁ፤ ከእናታችሁ ጋር በየቀኑ ተጨቃጭቄአለሁ። እሱን አንብቡ።» ስለዚህ አደራቸውን ጠብቀን እንዲህ እናነባለን፦ ጋሽ ብሩሽ ሲኖሩ ቆይተው፣ ወይዘሮ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው እያነጋገሯቸው፣ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው አርፈዋል።

ከኋላቸው ወይዘሮ ባለቤታቸውን፣ መምህርት ልጃቸውንና መካኒክ ልጃቸውን፣ ምራታቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ አንድ ታናሽ ወንድምና ሁለት እኅቶቻቸውን፣ ያሠለጠኗቸውን በርካታ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም በዚያ የሕክምና ክፍል ዛሬም በየአልጋቸው ሆነው ለመወሰን የተቸገሩና እሳቸውን ሲጠብቁ የነበሩ ወዳጆችን ትተዋል። የሚጠብቋቸውን ሄደን የምናነጋግረው እንግዲህ እኛ ነን።

ቸሩ ፈጣሪ የደከመ ሰውነታቸውን ያሳርፍልን፤ ነፍሳቸውን ሕመምና ፍርሃት በማይደርስበት ቦታ ይቀበልልን፤ ወይዘሮ ባለቤታቸውን የሚያነጋግራቸው ሰው አያሳጣቸው፤ እኛንም በተራችን ጭንቅ ሲመጣብን እውነቱን የሚነግረንና እጃችንን የሚይዘን ሰው ይስጠን። አሜን።